ችካሉን መልሱ

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ከሚሴ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ወደ ሰፈር በምታስገባ አንዲት መታጠፊያ ጥግ ላይ ተንበረከክኩ። አላፊ አግዳሚው ገንዘብ የወደቀብኝ መስሎት አብሮኝ መሬት መሬቱን አየ። እኔ ሜትር ይዤ ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ ዓይን የሚደርሰው ከመሬት አንድ ሜትር ከአሥር ሳንቲም ገደማ ላይ ነው። ዓይኔን እዚያ ከፍታ ላይ አድርጌ፣ ሊሻገር የቆመ ልጅ ወደ ግራው ስንት ሜትር አስፋልት እንደሚታየው ልለካ ነው የወረድኩት። በግራዬ አንድ ሱቅ ወደ ፊት የዘረጋው ቆርቆሮ አለ። ከቆርቆሮው ሥር የዘይት ጀሪካን ተደርድሯል። ከጀሪካኑ ቀጥሎ የአሸዋ ክምር፣ ከክምሩ ቀጥሎ ተራ የሚጠብቁ ሦስት ባጃጆች። ከዚህ ሁሉ የተረፈልኝ እይታ 11 ሜትር ሆነ። ስላላመንኩ ደግሜ ለካሁት። 11 ሜትር።

በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ አይሱዙ 11 ሜትርን በአንድ ሴኮንድ ይጨርሰዋል። ሹፌር ድንገተኛ ነገር አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ ድረስ ደግሞ፣ መንገድ የሚነድፉ መሐንዲሶች ሁለት ሴኮንድ ተኩል ይመድቡለታል። ሒሳቡን እናንተው አድርሱት። ልጁ ከቆርቆሮው ጀርባ ብቅ ሲል መኪናው፣ ፍሬኑ ገና ሳይነካ፣ ልጁ ላይ ደርሷል። ሹፌሩ ስልክ ያልነካ፣ እንቅልፍ ያልጎደለው፣ ጸሎቱን አድርሶ የወጣ ጨዋ ሰው ቢሆንም ያው ነው። እዚያ ጥግ ላይ የሚሞት ልጅ የተፈረደበት ቆርቆሮው የተዘረጋ ዕለት ነው።

ይህን በቁጣ ነው የምጽፈው፤ አልደብቅም። መንገድ የምትቀይሱ፣ ፈቃድ የምትሰጡ፣ ኮብልስቶን የምታነጥፉ፣ ማዕዘን ላይ ቤት ያላችሁ፣ መሪ የጨበጣችሁ ሁሉ ስሙኝ። በእጃችን ደም አለ። ክርስቲያኑ ንስሐ ይግባ፤ ሙስሊሙ ተውበት ያድርግ።

በእኛ አገር ሰው በመኪና ሲሞት የሚሆነውን እናውቀዋለን። ሹፌሩ ወይ ይሰወራል ወይ እጁን ለፖሊስ ይሰጣል። ሽማግሌ ይላካል፤ ዱዓ ይደረጋል፤ ሁለቱ ቤተሰቦች ደም እንዳይፈላለጉ ይታረቃሉ፤ የሹፌሩ ዘመድ አዋጥቶ ካሳውን ይከፍላል። ይህ የወሎ ሰው ትልቅነት ነው፤ አከብረዋለሁ። ነገር ግን ሽማግሌው ምርቃቱን አድርሶ ሲነሣ ጥጉ እንደነበረ ነው። ቆርቆሮው አልተነሣም፣ ጠማማው አልተቃናም። ከሹፌሩ በቀር ለሽምግልናው የተጠራ የለም። ቀያሹ አልተጠራም፤ ባለሱቁ አልተጠራም፤ ፕላኑን ያጸደቀው ሹም አልተጠራም። «ቀኑ ደርሶ ነው» ይባልና ነገሩ ይዘጋል። ቀኑ የፈጣሪ መሆኑን አምናለሁ። ጥጉን የሠራነው ግን እኛ ነን። የእጃችንን ሥራ በፈጣሪ ላይ መለጠፍ በግድያው ላይ የተጨመረ ሌላ ኃጢአት ነው።

የስዊድን ፓርላማ በፈረንጆቹ 1997 አንድ ከባድ ቃል አጽድቋል። ሰው መሳሳቱ አይቀርም፣ መንገዱ ግን ስሕተቱን በሞት ሊቀጣው አይገባም፤ ስለዚህ ከተጠያቂዎቹ ፊተኛው መንገዱን የነደፈውና የሚያስተዳድረው ነው የሚል። ይህን የፈረንጅ ወግ ነው ብላችሁ አትግፉት። ኦሪት ዕውርን ከመንገዱ የሚያሳስተውንና የባልንጀራውን የድንበር ምልክት የሚነቅለውን ጎን ለጎን አቁማ ትረግማለች። ነቢዩ ሙሐመድም ሰውን የሚጎዳ ነገር ከመንገድ ላይ ማንሣት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን አስተምረዋል። ማንሣቱ ኢማን ከሆነ ማስቀመጡ ምን እንደሚባል እናንተው ፍረዱ።

የድንበር ምልክት ካልኩ ከሌላ ሰው ልጀምር አልችልም። ወጣት ሳለሁ በአንድ ከተማ የቀያሽ ረዳት ነበርኩ። ሥራዬ ዘንግ መያዝና ችካል መምታት ነው። ሁለት መንገድ የሚገናኝበት ላይ ያለ ቦታ ማዕዘኑ ይቆረጣል፤ ባለይዞታው የሾለውን ጫፍ ለእይታ ይለቃል፣ በምትኩ ሰያፍ መስመር ይሆናል። አንድ ቀን እንዲህ የቆረጥነውን ጥግ ችካል ላጠብቅ ስመለስ ባለይዞታው ቡና አስፈልተው ጠበቁኝ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጣሁ። ስወጣ ችካሉ ሁለት ሜትር ያህል ወደ መንገዱ ቀርቧል። የነቀልኩት እኔ አልነበርኩም። አየሁ፣ ዝም አልኩ። ከዝምታም አልፌ፣ አሮጌው ጉድጓድ እንዳይታወቅ አፈሩን በእግሬ ደለደልኩት። ዛሬ እዚያ ጥግ ላይ ግንብ ቆሟል። ከጎን መንገድ የሚወጣ ባጃጅ አፍንጫው አስፋልት ላይ ካልወጣ ግራ ቀኙን አያይም። እዚያ የሞተ ሰው አለ ሲባል አልሰማሁም፤ አለመስማቴ ግን ዕዳዬን አያቀልልኝም። ልጇን በእጇ አንጠልጥላ፣ ልቧ ቆሞ፣ እየሮጠች እዚያ የምታልፍ እናት ሁሉ ገንዘብ ታስከፍለኛለች ብዬ አላስብም፤ በወዲያኛው ዓለም ግን ትጠይቀኛለች።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ፣ መሐንዲሶችና ቀያሾች። ሹፌር ከቆመው ምልክት ይልቅ የመንገዱን ቅርጽ ይታዘዛል፤ ይህን ከእኔ የበለጠ እናንተ ታውቁታላችሁ። መታጠፊያ ላይ የጠርዝ ድንጋዩ የሚሠራው ቅስት ሰፊ ከሆነ ሹፌሩ ፍጥነት ሳይቀንስ ጠምዝዞ ይገባል፤ ጠባብ ከሆነ ወደደም ጠላም ይቀዘቅዛል። ሰፊው ቅስት ሌላም በደል አለበት፤ እግረኛው የሚሻገረውን አስፋልት ያረዝምበታል። የአሥር ሜትር ራዲየስና የአራት ሜትር ራዲየስ በወረቀት ላይ የጣት ልዩነት ናቸው። እንጨት ተሸክማ ለምትሻገር ሴት ግን በርካታ እርምጃ ነው፣ እያንዳንዱም እርምጃ መኪና ፊት የሚረገጥ ነው። «ተሳቢው በምን ይታጠፍ?» ትሉኛላችሁ። ተሳቢ ወደ ሰፈር መንገድ በቀን ስንቴ ይታጠፋል? ለሚመጣበት ጊዜ የጥጉን ውስጠኛ ክፍል ዝቅ ባለ ሻካራ ድንጋይ አንጥፉለት። የኋላ ጎማው ይወጣበታል፤ ባጃጅና ሚኒባስ ግን ስለሚያንገጫግጫቸው ይሸሹታል። ከባዱም ያልፋል፣ ቀላሉም ይቀዘቅዛል። ለአንድ ተሳቢ ብላችሁ የሰፈር ልጆችን በሙሉ አሳልፋችሁ አትስጡ።

ኩርባ ላይ ደግሞ ሕጉ ምሕረት የለውም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚያስፈልገው ራዲየስ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ 30 ሜትር ራዲየስ ቢበቃው፣ በ60 ለሚመጣው 120 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። የኩርባው ውጫዊ ጠርዝም ከውስጠኛው ከፍ ማለት አለበት፤ መኪናው ወደ ውጭ እንዳይወረወር ደግፎ የሚይዘው ያ ነው። እኔ ግን ውሃው ወደ ቦይ ይውረድ ተብሎ ብቻ ውጫዊው ጠርዝ ወደ ገደሉ ያጋደለ ኩርባ አይቻለሁ። ለጎርፍ መውረጃ የተጨነቀ ሰው ለሰው ነፍስ ሳይጨነቅ እንዴት ፈረመ?

አይቶ ለመቆም የሚያስፈልገውን ርቀትም አትርሱት። በ30 የሚነዳ ሹፌር 30 ሜትር ያህል ይበቃዋል። በ40 የሚነዳ 46፣ በ50 የሚነዳ 65፣ በ80 የሚነዳ ወደ 130 ሜትር። ጎማው ያለቀ፣ ጭነቱ የበዛ ከሆነ ይጨምራል። መመሪያ አልነበረንም የሚል ቢኖር ዋሽቷል። የኢትዮጵያ መንገዶች ባለሥልጣን የጂኦሜትሪ ንድፍ መመሪያውን በፈረንጆቹ 2002 አውጥቶ በ2013 አሻሽሎታል። የእይታ ርቀቱ፣ የኩርባው ራዲየስ፣ ሁለት መንገድ በምን አንግል መግጠም እንዳለበት፣ ሁሉም እዚያ ተጽፏል። መገናኛ ኩርባ ላይ አይከፈትም፤ ከጉብታ ማዶም አይደበቅም፤ ሁለት መንገዶች በተቻለ መጠን ቀጥ ባለ ማዕዘን ይገናኛሉ፣ በሰያፍ የሚገባ ሹፌር መኪና መምጣቱን ለማየት አንገቱን እስከ ትከሻው ማዞር አለበትና። ይህን ሁሉ ተምራችሁታል። በባለሀብት ልመናና በአለቃ ስልክ ያጠፋችሁት መስመር ስንት ነው? በልባችሁ ቁጠሩት።

የዞናችንን አቀማመጥ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከሌላው የበለጠ ይጠየቃል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወጣው መንገድ ጣርማበርን ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትን አልፎ፣ በሰንበቴ፣ በአጣዬ፣ በካራቆሬ፣ በጨፋ ሮቢት በኩል ወደ እኛ ከሚሴ ይመጣል። የተራራውን ጥምዝ ጨርሶ ጨፋ ሜዳ ላይ፣ ቦርከና ዳር ሲደርስ ይቃናል። ሹፌሩ እዚያ ትንፋሽ ያገኛል፤ እግሩን ነዳጁ ላይ ይጭናል። ከብት የሚነዳው፣ ግመል የሚጎትተው፣ ትምህርት ቤት የሚሄደው ደግሞ ያንኑ አስፋልት ያቋርጣል። ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ድንገተኛ ኩርባና ድንገተኛ መገናኛ ገዳይ ነው፤ ሹፌሩ የሜዳውን ፍጥነት በሰውነቱ ተሸክሞት ይመጣልና። መንገዱ ከከተማ መግቢያ ቀደም ብሎ መጥበብ፣ መጣመም፣ በዛፍና በጠርዝ ድንጋይ መታቀፍ አለበት። ይህ ካልተደረገ «ፍጥነትዎን ይቀንሱ» የሚል ሰሌዳ ማቆም ለሟች ቤተሰብ «አስጠንቅቀን ነበር» ለማለት ካልሆነ በቀር ጥቅም የለውም።

ሰንበቴ፣ ሮቢት፣ ከሚሴ። የሳምንቱን ቀን የሚያስታውሱ ስሞች ናቸው፤ በኦሮምኛ ሮቢ ረቡዕ፣ ከሚሳ ሐሙስ ነው። የባቲ ሰኞ ገበያ ደግሞ አገር ያውቀዋል፤ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው የሚገናኝበት ነው። እኛ ሰው የሚሰበሰብበት አገር ነን። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ የሚወርደው መንገድም በዚያው ያልፋል፤ ኮንቴነር የጫነው ተሳቢ ኩርባውን ጨርሶ ሲወጣ ፍየል የሚነዳው ገበያተኛ ፊት ለፊቱ ነው። እንዲህ ባለ አገር መገናኛን በግዴለሽነት መሥራት ሌላ ቦታ ከመሥራት ይብሳል።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ማንም እንደ ጥፋት ስለማይቆጥረው እዚህ ላይ ልቆይ። በክረምት ማሽላ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ይዘራል። መስከረም ላይ ከሰው ቁመት ያልፋል። የኩርባው ውስጠኛ ጎን ላይ የቆመ ማሽላ ግድግዳ ማለት ነው፤ ከወዲያ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት ካልሆኑ አያሳይም። ሹፌሩም እረኛውም በአንድ ጊዜ ዕውር ይሆናሉ። ገበሬውን ማሳህን ተው አልለውም። ግን የኩርባውን ውስጠኛ ጎን ጥቂት ሜትር ያህል ማሾ ዝራበት፣ ሽምብራ ዝራበት። ማሾ ከጉልበት አይበልጥም፣ ገበያውም የታወቀ ነው። የግብርና ባለሙያዎች ይህንን ማስተማር ያቅታችኋል? የመንገድ ሰዎችና የግብርና ሰዎች በአንድ ግቢ እየዋላችሁ ስለዚህ ነገር አንድ ቀን ቡና ጠጥታችሁ ታውቃላችሁ?

ማዕዘን ላይ ቤት ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ እናንተም አታመልጡም። ጥግ ቦታ ዋጋው ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከሁለት ወገን ገዢ ይመጣል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ሸራ ወጣ የሚደረገው፣ ቀጥሎ ሸራው ቆርቆሮ የሚሆነው፣ ቀጥሎ በቆርቆሮው ሥር ብሎኬት የሚደረደረው። በየዓመቱ አንድ ክንድ። ማንም አይናገራችሁም፤ ጎረቤታችሁ እርሱም ገፍቷል። የእግረኛው መንገድ ሲያልቅ ሽማግሌው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ልጁ አስፋልት ላይ ይወርዳሉ። በጀሪካን መደርደሪያ የምታገኙትን ትርፍ ቁጠሩት፤ ከዚያ የጎረቤታችሁን ልጅ በስሙ ጥሩት። የገፋችሁት ክንድ የማዘጋጃ ቤት ንብረት አይደለም፤ የዚያ ልጅ ዓይን ነው።

እናንተ ሹማምንትስ? ሰው ሳይሞት ጥግ የቆረጣችሁበትን ቀን ንገሩኝ። ልጅ ሲሞት ሰፈርተኛው በሌሊት ወጥቶ አፈርና ድንጋይ ደልድሎ ጉብታ ይሠራል፤ በነጋታው ሕገወጥ ነው ተብሎ ይፈርሳል፤ ሁለተኛው ልጅ ሲሞት ደግሞ መንግሥት ጉብታ ይሠራል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። አሁን በየከተማው የኮሪደር ልማት እየተባለ ጠርዝ ድንጋይ ይነቀላል፣ ይተከላል። እንዲህ ያለ ዕድል በትውልድ አንዴ ነው የሚመጣው። ጥጉን ለውበት ብላችሁ አስፍታችሁ ብትተክሉት ልጅ የልጅ ልጃችን ያንን ቅስት ሲሻገር ይኖራል። አደባባይም ስትሠሩ ቁጥሩን እወቁ። አራት መንገዶች በመስቀል ሲገናኙ መኪኖች ሊጋጩባቸው የሚችሉ 32 ነጥቦች አሉ፤ በአንድ ረድፍ አደባባይ ሲገናኙ 8 ብቻ ይቀራሉ። የቀሩትም ፊት ለፊት የሚያላትሙ አይደሉም። ነገር ግን መካከል ላይ ጀበና ወይም ሐውልት ማቆም አደባባይ አያሰኝም። ሥራውን የሚሠራው መግቢያው ላይ ሹፌሩን ጠምዝዞ የሚያቀዘቅዘው ቅርጽ ነው። ሹፌሩ ቀጥ ብሎ ማለፍ ከቻለ ጌጥ ብቻ ነው የሠራችሁት።

ሹፌሮችን በአጭሩ ነው የምናገረው፤ ሁልጊዜ የሚወቀሱት እነርሱ ናቸውና። የማታዩት ጥግ ላይ ቀዝቅዛችሁ ግቡ። ፍጥነታችሁ እጥፍ ሲሆን የምትመቱበት ኃይል አራት እጥፍ ነው። ባጃጅ ያላችሁ ደግሞ ጥግ ላይ ተራ አትያዙ፤ የቆመ ባጃጅም የልጅን ዓይን ይጋርዳል። በቃ።

በየዓመቱ በዓለም ላይ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ከሚገድሉት ነገሮች ሁሉ ቀዳሚው ይኸው ነው። ቁጥሩ ከሩቅ የመጣ አይምሰላችሁ። መጋቢት 4 ቀን 2010 ዓ.ም. እዚሁ ወሎ፣ ለጋምቦ ወረዳ፣ አንድ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰው አልቋል፤ ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ቦና ዙሪያ ወረዳ ሰርገኛ የጫነ መኪና ድልድዩን ስቶ ወንዝ ገባ፤ 71 ሰው መሞቱ ተነገረ። መንገዱ ብዙ ጠምዛዛ እንዳለበት ያኔውኑ በክልሉ ባለሥልጣን አፍ ተነግሯል። ይታወቅ ነበር ማለት ነው! ለአንድ ሳምንት አለቀስን፣ ለአንድ ሳምንት ሹፌሩንና ጭነቱን ረገምን። ጠምዛዛው ግን ለአንድ ቀን እንኳ አልተከሰሰም። የእኛ ዞንም ባለፉት ዓመታት ብዙ ደም አይቷል፤ በጥይት የሞተውን ማን እንደገደለው ስንከራከር እንኖራለን። ጥግ ላይ የሞተውን ማን እንደገደለው ግን ክርክር አያስፈልገውም፤ በሜትር ይለካል።

ተውበት ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ጥፋቱን መተው፣ መጸጸት፣ ላለመመለስ መቁረጥ። የሰው ሐቅ ካለበት ግን አራተኛ ይጨመራል፤ ሐቁን መመለስ። ዘኬዎስም ጌታ ቤቱ ሲገባ እንባ ብቻ አላፈሰሰም፤ የበላውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሎ ተነሣ። እኛ የወሰድነው የሰው እይታ ነው፣ የሚመለሰውም በቁመቱና በስፋቱ ነው። በዓርብ ኹጥባ ላይ የምትቆሙ ኢማሞች፣ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ የምታስተምሩ ካህናት፣ ሕዝቡን ስለ ዝሙትና ስለ ስርቆት እንደምትገሥጹት ስለ ጥግም ገሥጹት። ሽማግሌዎች ሆይ፣ ለደም ስትቀመጡ ከመሬቱ ጀምሩ። ዕርቁን ከመፈጸማችሁ በፊት ሰው የሞተበትን ቦታ ሄዳችሁ እዩት፤ ባለቆርቆሮውን ጥሩት፤ ቀያሹን ጥሩት። ካሳው ከሹፌሩ ኪስ ብቻ አይውጣ። ቆርቆሮው ሳይነሣ ምርቃት አይደረግ።

ገንዘብ የለም አትበሉ። አዲስ አበባ ለገሃር መገናኛ ላይ ከጥቂት ዓመታት በፊት ግንባታ ከመጀመሩ አስቀድሞ በቀለም፣ በኮንና በአበባ ማሰሮ ጥጉን አጥብበው የእግረኛውን መሻገሪያ አሳጥረው ነበር። እኛም ቀለም አለን፣ በርሜል አለን፣ ድንጋይ ሞልቶናል። ሃያ ወጣት በአንድ ቀን አምስት ጥግ መቀባት ይችላል።

እኔ ወደዚያ ከተማ ሄጃለሁ። ቡና ያጠጡኝ ሰውዬ በሕይወት የሉም፤ ቤቱ ለልጃቸው ደርሷል። ችካሉ የነበረበትን ቦታ በእግሬ አሳየሁት። ሰማኝ፣ ዝም አለ፣ ከዚያ «አጥሩን እንጂ ግንቡን እንዴት ላፍርሰው?» አለኝ። አጥሩን አፍርስ አልኩት፤ የግንቡን ለማዘጋጃ ቤቱ ጻፍኩለት፤ ስሜን ጽፌ ፈርሜበታለሁ፤ ያየሁትንና ዝም ያልኩትን ሳልደብቅ።

አንተስ? ዛሬ ማታ ሱቅህን ስትዘጋ ጥጉ ላይ ተንበርከክ። ልጅ የሚያየውን ያህል ወደ ግራ እይ። ከዚያ ተነሥተህ የታየህን አስፋልት በእርምጃ ቁጠር። 60 እርምጃ፣ ይኸውም በ40 ለሚነዳው የሚበቃው 46 ሜትር ያህል፣ ካልሞላ፣ ሳታድር ቆርቆሮውን አንሣ።